የሁለት ጣት ምልክት

ሀገረ ሕይወት፣ ጥር 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለአቶ ንዋይ እንግዳወርቅ
አዲስ አበባ

ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ብድግ ብዬ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብል እንደሚታዘቡኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታዎን ልለምን፤ ጤናዎን በኋላ እጠይቃለሁ። በገና ካርድዎ ላይ «ሞተሻል ወይስ አግብተሻል?» ብለው ለጻፉልኝ መልሱ ሁለቱም አይደለም። አፍሬ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ በኦርኬስትራው የቫዮሊን ፈተና ቀን፣ «አቀበቱ» የሚሉት ቦታ መሐል ላይ ቀጥ ብዬ ስቆም ከፈታኞቹ አንዱ «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አለኝ። እርስዎ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው አንገትዎን ሲደፉ አይቻለሁ። በአውቶቡስ ስመለስ ጊንጪን እንዳለፍን ኖታውን በመስኮት ወረወርኩት። አንድ ፈረሰኛ ወርዶ ሲያነሣው አይቻለሁ፤ ምን እንዳደረገበት እንጃ።

አሁን የምጽፈው ያንኑ ኖታ እንደገና እንዲልኩልኝ ልለምን ነው። የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ዘንድሮም አንድ ክፍት የቫዮሊን ወንበር እንዳለው፣ ፈተናውም ግንቦት 20 እንደሆነ ጋዜጣ ላይ አየሁ። ለፈተና የሚሰጡት ሥራ ያው ነው፤ ያው አቀበት፣ ያው ሜዳ። ስሙን ያወጡላቸው እርስዎ ነዎት፤ በሁለት መስመር ውስጥ ስልሳ አራት ኖታ እየሮጠ ሽቅብ የሚወጣውን አቀበት አሉት፣ ከእሱ ቀጥሎ ረጋ ብሎ የሚዘፈነውን ሜዳ።

ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ካቺሲ ተዛውሬ እንዳስተምር ታዝዣለሁ። ካቺሲ ደግ አገር ነው ይላሉ፤ ገበያውም ከብቱም የሞላ። ግን ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፣ ከዚያ ሆኖ ለፈተና መመላለስ የማይሆን ነው። እዚያ ከገባሁ ቫዮሊኔ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። አቀበቱን እወጣዋለሁ፣ ጋሼ። መሐሉ ላይ ቆሜ አልቀርም።

ባለቤትዎን እትዬ ፈትለወርቅን ጉልበት ሳሙልኝ። አሁን ደግሞ ልጠይቅ፦ ጤናዎ እንዴት ነው?

ተማሪዎ ሸዋገነት ይገዙ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 1962 ዓ.ም.

ሸዋገነት፣

ይቅርታሽ ደርሶኛል፤ ግማሹን ተቀብያለሁ። የቀረውን ግንቦት ላይ አቀበቱን ስትወጪ እቀበላለሁ። እኔም በወጣትነቴ ተናድጄ ቀስት ሰብሬያለሁ፤ ኖታ በመስኮት የወረወረ ግን ካንቺ በቀር አላጋጠመኝም።

በወረቀቱ ጀርባ «የሚለቀቀው ወንበር የማን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው አያገባሽም። ወንበር ወንበር ነው፤ አንቺ መቀመጥሽን አስቢ። ኖታውን ፈትለወርቅ ፖስታ ቤት ስትወርድ ከመሳቢያዬ ንጹሑን ቅጂ አውጥታ ትጨምርልሻለች።

ስለ ልምምዱ። የአንቺ በሽታ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመርሽ ነው። የአቀበቱን እግር መቶ ጊዜ ረግጠሽዋል፣ ጫፉን ግን አታውቂውም፤ እዚያ ስትደርሺ እንግዳ አገር የገባሽ ያህል የምትደነግጪው ለዚህ ነው። ከመጨረሻዎቹ አራት ኖታዎች ጀምሪ። እነሱ እጅሽ ሲገቡ ከፊታቸው ያሉትን አራት ጨምሪ። እንዲህ እያልሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ያኔ ሽቅብ ስትወጪ የምትሄጂው ወደምታውቂው ቤት ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሳታዘግሚ የያዝሽው ኖታ በፈተና ቀን ጥሎሽ ይሄዳል።

የት ነው የምትለማመጂው? ይህን ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ንዋይ

*

ሀገረ ሕይወት፣ የካቲት 29 ቀን 1962 ዓ.ም.

ጋሼ፣

መልስ ያዘገየሁት የምነግርዎ ነገር እስኪኖረኝ ብዬ ነው። አሁን አለኝ።

እንዳሉኝ ከመጨረሻዎቹ አራት ኖታዎች ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ስለፋ አባባ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኝ ኖሯል። አባቴን ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት ንባብ ያስተማረ መሪጌታ። ቫዮሊኔን «የአዝማሪ ዕቃ» ከማለት በቀር በስሙ ጠርቶት አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ ቆመና «አንቺ ልጅ፣ ገና ግዕዙን ሳታወጪ ለምን ወደ ቁም ንባብ ትሮጫለሽ?» አለኝ።

እኛ ቤት ዳዊት የሚጠናው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣት እየነኩ መቁጠር፤ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ቃሉን እየጎተቱ፤ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ሳይጎትቱ ትንሽ ፈጠን ብሎ፤ መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ፣ ሰው ፊት የሚነበበው። አንዱን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው የዘለለ ተማሪ አለንጋ ይጠብቀዋል። እኔም አቀበቱን እንደ ዳዊት ያዝኩት። ኖታውን አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤ አራት አራቱን እየጎተትኩ ግዕዝ አልኩት። ትንሽ ስፈጥን አባባ ከወዲያ «ግዕዝ!» ብሎ ይጮኻል። አለንጋ እስካሁን አላነሣም።

ጾሙ ሲገባ ግን «ከበሮና ጸናጽል ባረፈበት ጾም ያንቺ ዕቃ ቤቴ ውስጥ አይጮኽም» አለኝ። በዚህ አልተከራከርኩትም። ፍል ውኃው አጠገብ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ያላቸው ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ሰው በሌለባቸው ሰዓቶች አንዱን ክፍል ለቀቁልኝ። ጋሼ፣ እዚያ ድምፁን ቢሰሙት! አቀበቱ እንደ ቅቤ ይፈሳል። ሜዳውን ስጫወት ራሴን አስለቅሳለሁ።

ምልክትዎንም አንዱን ሳላጎድል እየተከተልኩ ነው። ከባድ ነው። ግን አባባ እንደሚለው የመምህር ምልክት ይጠናል እንጂ አይጠየቅም፤ ከባድ ያደረጉብኝ ለበጎ እንደሆነ ገብቶኛል።

ጤናዎን ብጠይቅ በሦስት ቃል አለፉኝ። እኔ እኮ ኖታ ቆጣሪ ነኝ፣ ቃልም እቆጥራለሁ።

ሸዋገነት

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 1962 ዓ.ም.

ሸዋገነት፣

መሪጌታ ይገዙን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። እኔ አርመኑ መምህሬ ዘንድ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከመታጠቢያ ቤቱ ግን ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ውጪ። እዚያ የሚዘፍነው ግድግዳው ነው። እርጥብ ድንጋይ ሁሉን ጎበዝ ያደርጋል፤ የሳተውን ኖታ ከደኅናው ጋር አጣብቆ አንድ ያስመስለዋል። እንፋሎቱም የቫዮሊንሽን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል፤ አንድ ቀን ክዳኑ በእጅሽ ይቀራል። የምትሰሚውን ሁሉ የሚውጥ ደረቅ ክፍል ፈልጊ። እዚያ ያስቀየመሽ ድምፅ ያንቺ ነው፤ እሱን አስተካክዪ።

ራሴን አስለቅሳለሁ ማለትሽንም አልወደድኩትም። ማልቀስ ያለበት አድማጩ ነው። በስሜት መጫወት ዓይን ጨፍኖ መወዛወዝ አይደለም። ሜዳውን መጀመሪያ ያለ ቫዮሊን በአፍሽ በዪው። የት ነው የምትተነፍሺው? እዚያ ቀስትሽም ይተንፍስ። የትኛውን ኖታ ነው ልትለቂው ያልፈለግሽው? እሱ ላይ ቆዪ፣ ሌላውን እለፊው። ሁሉም ላይ ከቆየሽ የትኛውም ላይ አልቆየሽም።

«ምልክት» ያልሽው አልገባኝም። ንጹሕ ቅጂ ላይ የምን ምልክት አለ?

ንዋይ

*

ሀገረ ሕይወት፣ መጋቢት 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ኦቦ ቱፋ «ምን አስቀየምኩሽ?» እያሉ ከመታጠቢያ ቤቱ ወደ እህል ጎተራቸው አዛወሩኝ። ወለሉ ጭድ ነው፣ ዙሪያውን የጤፍ ጆንያ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ቀን ሜዳውን ስጫወት እውነት ለመናገር ራሴን አላወቅሁትም። ማጠፊያው የዛገ በር ሲከፈት ነው የሚመስለው። ለሦስት ቀን ቫዮሊኔን አላነሣሁም። በአራተኛው ቀን ግን እልህ ያዘኝና ተመለስኩ።

«የምን ምልክት?» ይሉኛል! በእያንዳንዱ ኖታ ራስ ላይ በእርሳስ የጻፉት የጣት ቁጥር ነዋ። አንድ አመልካች ጣት፣ ሁለት መሐል ጣት፣ ሦስት የቀለበት ጣት፣ አራት ትንሿ፤ እንዲያ ነው ያስተማሩኝ። እዚህ ኖታ ላይ ግን አንድና ሁለት ብቻ ነው ያለው። ከዳር እስከ ዳር አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ታትሞ የነበረው ሦስትና አራት ሁሉ ተሰርዟል።

ስለዚህ አቀበቱን በሁለት ጣት እየዘለልኩ እወጣለሁ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። የመሐል ጣቴ ጫፍ አብጧል፣ ጠዋት በግራ እጄ መጽሐፍ ስይዝ ያመኛል። ከውርድ ንባብ በላይ መፍጠን ግን አቃተኝ። ከዚያ ካለፍኩ እጄ ኖታውን አልፎ ይሄዳል። ስንፍና እንዳይመስልዎ ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን የቀረኝ ሃምሳ ስድስት ቀን ስለሆነ ልጠይቅ ተገደድኩ። አራት ጣት ያለውን ሰው በሁለት የሚያስኬዱት እስከ መቼ ነው?

ሸዋገነት

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 30 ቀን 1962 ዓ.ም.

ልጄ ሸዋገነት፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ያ ኖታ ለአንቺ የተጻፈ አይደለም። ፈትለወርቅ ከመሳቢያው ያወጣችው የእኔን የሥራ ቅጂ ነው። እኔም ሳላየው ታሽጎ ሄደ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷም አይደለም፣ ያንቺም አይደለም።

ካቻምና ክረምት የግራ እጄ ሁለት ጣቶች፣ የቀለበቷና ትንሿ፣ መታዘዝ ተዉ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ፤ መድኃኒት አለው አላለም። ለማንም አልተናገርኩም። ቁጭ ብዬ የኦርኬስትራውን ሥራ ሁሉ ለቀሩኝ ሁለት ጣቶች አዲስ ቁጥር ጻፍኩለት። መጫወት የማልችለውን ቦታ ቀስቴን ክሩ ላይ አስጠግቼ፣ ሳልነካ እየጎተትኩ አልፈዋለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ሁለት ዓመት ያህል እንዲያ ኖርኩ። በመጨረሻ ራሴን መታገሥ አቃተኝና በኅዳር ለአለቃው ነገርኩት። ወንበሩን በሰኔ መጨረሻ እለቃለሁ።

አዎ፤ የጠየቅሽኝ ወንበር የእኔ ነው። ካወቅሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።

ምልክቱን በላጲስ አጥፊው። አራቱንም ጣቶችሽን ተጠቀሚ። ሁለት ወር ላባከንኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ንዋይ

*

ሀገረ ሕይወት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1962 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ጎተራው ውስጥ አነበብኩት። አልቅሻለሁ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። ያበጠውን ጣቴን እያየሁ ሁለት ዓመት እንዴት እንደቻሉት አሰብኩ።

ፈተናውን አልቀመጥም። መምህሬ በሕይወት እያሉ ወንበራቸው ላይ ወጥቼ ጉብ ብል ሰው ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እላለሁ? ካቺሲም ቢሆን ሰው የሚኖርበት አገር ነው። ስለ ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ።

ሸዋገነት

*

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ሸዋገነት፣

ተቆጥቻለሁ፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ወንበሬን የነጠቀኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። የነጠቀኝ ሕመም ነው፤ እሱ ደግሞ ያንቺን ፈቃድ አልጠየቀም። ወንበሩ ሰኔ ሲያልቅ ባዶ ነው። አንቺ ካልተቀመጥሽበት ሌላ ይቀመጥበታል፤ እኔ እቤቴ ሆኜ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ጣቶች ብቻ አይደሉም። አንቺ አለሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆንሽ ቀስት አያያዝ ካሳየሁሽ ጀምሮ እኔ የማውቀው ሁሉ እጅሽ ላይ ነው ያለው። ለእኔ ብለሽ ከቀረሽ የቀሩኝን ጣቶች በገዛ እጅሽ ቆረጥሻቸው ማለት ነው። ክብር ብለሽ የምታስቢው ይህን ከሆነ ያንቺን ክብር አልፈልገውም።

ላጲስ ከሌለሽ እልክልሻለሁ። በፈተናው ቀን አልመጣም። ባለፈው አንገቴን ስደፋ አይተሽኛልና።

ንዋይ

*

ሀገረ ሕይወት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ላጲስ አለኝ። አስተማሪ አይደለሁም እንዴ?

ቁጣዎን ለአባባ አነበብኩለት። ሰማኝና «መምህር ሲያረጅ መጽሐፉን ለደቀ መዝሙሩ ያወርሳል። ያ ልጅ 'አልወስድም' ቢል መጽሐፉን ምስጥ ይበላዋል» አለ። ከዚያ ፋሲካ ስላለፈ ቤት ውስጥ መለማመድ እንደምችል ነገረኝ። የአዝማሪ ዕቃ ማለቱን ግን አልተወም።

አቀበቱን ከፊደል ቆጠራ ጀመርኩት፤ በአራት ጣት፣ እንደ አዲስ። ሥራ ፈትታ የከረመችው ትንሿ ጣቴ መጀመሪያ ገና እየዳኸች ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ቆጠራና ግዕዝ፣ ከሰዓት ውርድ ንባብ። የሚሰናከልብኝን አራት ኖታ አሥር ጊዜ ሳልሳሳት ካልደገምኩት ምሳ አልበላም አልኩ። ሁለት ቀን ምሳ አልበላሁም። በሦስተኛው በላሁ። ከትናንት ወዲያ አቀበቱን ሁለት ጊዜ በቁም ንባብ ወጣሁት፤ አባባ ከወዲያ ምንም አላለም። እሱ ምንም ካላለ ምስጋና ነው።

ሜዳው ላይ ግን አንድ ነገር ገጠመኝ። በአራት ጣት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ስህተት የለውም። ኦቦ ቱፋ ጎተራው በር ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩና «ሱታ፣ ያ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። «የበፊቷ ዜማ ትናገር ነበር። ይህችኛዋ ትሄዳለች እንጂ አትናገርም። ያችን የት ጣልሻት?»

አሰብኩበት። አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ አልነግርዎትም። የሚደብቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ሸዋገነት

*

ሀገረ ሕይወት፣ ግንቦት 23 ቀን 1962 ዓ.ም.

ጋሼ፣

«ሳትቆሚ ጨረስሽ ወይ?» የሚለው ቴሌግራምዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ጨረስኩ።

ከመግባቴ በፊት ደረቴን ነፍቼ ቆምኩና ለራሴ «የምሄደው ወደማውቀው ቤት ነው» አልኩ። አቀበቱ ላይ ያ አምና የቆምኩበት ቦታ ሲመጣ አየሁት፤ ትንሿ ጣቴ ቀድማኝ እዚያ ነበረች። ጫፉ ላይ ስደርስ ከቶውንም አልፈጠንኩም።

አሁን የደበቅሁትን ልንገርዎት። ላጲሱን ያሳረፍኩት አቀበቱ ላይ ብቻ ነው። የሜዳውን ምልክትዎን አልነካሁትም። በሁለት ጣት ነው የተጫወትኩት። አንዱ ጣት ከኖታ ወደ ኖታ ክሩን ሳይለቅ ሲንሸራተት፣ መሐል ላይ አንድ ድምፅ አለ፤ ሰው ሊናገር ፈልጎ ሲያመነታ የሚያወጣው ዓይነት። በአራት ጣት ያ ድምፅ የለም። እርስዎ ሲቸግርዎ ያገኙት ነው፤ ለሚሰማው ግን ችግር የወለደው መሆኑን ማን ያውቃል? እኔ ሁለት ወር በስህተት አጥንቼው ጣቴ ውስጥ ገብቷል። አላወጣውም።

ከፈታኞቹ አንዱ፣ ያ አምና «ይበቃል» ያለኝ፣ እርሳሱን አስቀመጠና ወደ በሩ ዞሮ አየ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ስጨርስ ውጤት በሰኔ መጀመሪያ ነው ተባልኩ።

ብወድቅም አልፈራም። አቀበቱን ወጥቻለሁ።

ሸዋገነት

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 3 ቀን 1962 ዓ.ም.

ልጄ ሸዋገነት፣

አልመጣም ብዬሽ ነበር፤ ዋሸሁ። ቴሌግራሙንም የላክሁት እንዳታውቂብኝ ነው። አንቺ ከገባሽ በኋላ ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ጎን፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሳትወጪ ሄድኩ። ያ ሰውዬ፣ ኦርኬስትራው ውስጥ ከፊቴ የሚቀመጠው፣ ወደ በሩ ያየው ለዚህ ነው፤ እኔ ውጭ ሆኜ የምጫወት መስሎት ነው። ኋላ ራሱ ነገረኝ። «ንዋይ፣ ያቺን መንሸራተት ሁለት ዓመት ከኋላዬ ስሰማት ኖሬያለሁ» አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለካ ኦርኬስትራው ሁሉ ያውቅ ነበር። እንዳላፍር ብለው ዝም አሉኝ። እኔ እየደበቅኋቸው፣ እነሱ እየደበቁኝ።

አቀበቱን ስትወጪ ትንሿን ጣትሽን ሰማኋት። የእኔ ያልሆነች ጣት ናት፤ ደስ አለኝ። ሜዳው ላይ ስትደርሺ ግን እጄን አየሁት። ጉልበቴ ላይ ተጋድሞ ነበር። ያፈርኩበት ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ሸዋዬ። አለቀስኩ። ማልቀስ ያለበት አድማጩ ነው ብዬሽ የለ።

ወንበሩን አግኝተሻል። ደብዳቤው ከቴአትር ቤቱ በዚህ ሳምንት ይደርስሻል፤ እኔ ልቀድመው ብዬ ነው። የቀረውንም ግማሽ ይቅርታ ተቀብያለሁ። መሪጌታን እጅ ንሺልኝ፤ ኦቦ ቱፋንም አመስግኚልኝ።

ሐምሌ 1 ጠዋት በሁለት ሰዓት ልምምድ አለ፤ አትዘግዪ። ወንበርሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ነው። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ካርቶን አጥፌ አደርግለት ነበር። ትናንት ዕቃዬን ላወጣ ስሄድ አሮጌውን ጥዬ አዲስ አድርጌለታለሁ። ተቀምጬም ሞከርኩት፤ አይነቃነቅም።

መምህርሽ ንዋይ